እንጨቱስ ከየት መጣ?

(በኮምቦልቻ ከተማ ለዓሣ አስጋሪዎች፣ ለሻጮች፣ ለሆቴል ወጥ ቤት ባለሙያዎችና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር። ከቃል ወደ ጽሑፍ ሲመለስ ብዙም አልተነካም።)

እንደምን አረፈዳችሁ! አሰላሙ አለይኩም! ከሐይቅ በሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ አስጋሪዎች፣ ከደሴ ቁልቁል የወረዳችሁ የሆቴል ሰዎች፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ሁላችሁም እንኳን ደኅና መጣችሁ። ከፊት ለተቀመጡት እናቶች ምስጋናዬ ከሁሉ የበዛ ነው፤ ለምን እንደ ሆነ ኋላ ይገባችኋል። ወንበር አንሶ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ ልጆች፣ አላስረዝምባችሁም። «አላስረዝምም» ብሎ የጀመረ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን እናንተም ታውቃላችሁ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈኑ ሁለት ዓሣዎች አሉ። ሁለቱም አምባዛ ናቸው። ሁለቱም በአንድ ቀን ከሐይቅ የወጡ፣ በአንድ እጅ የተጸዱ፣ ከአንድ ከረጢት ጨው የተነሰነሰባቸው፣ በአንድ በርሜል ውስጥ እኩል ሰዓት የቆዩ ናቸው። የለየኋቸው በሁለት ነገር ብቻ ነው። ቆይቼ እገልጣቸዋለሁ፤ እስከዚያ ሽታው ለደረሳችሁ ታገሡ።

አስቀድሜ ስለ ቃል ልናገር። «ዓሣ ማጨስ» ስንል ለእኔ ሲጋራ ሲጋራ ይለኛል። እናቶቻችን ለወተት ቅል፣ ለጠላ ጋን የሚሉት ቃል አለ፤ ማጠን። እኔም ዛሬ የምናገረው ስለ ታጠነ ዓሣ ነው። ለምን እናጥናለን? ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደሴ እዚህ ሌላ 25። በረዶ የሌለው ዓሣ በኮምቦልቻ ሙቀት ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ዓይኑ ይፈዛል። አስጋሪው ይከስራል፣ ሻጭዋ ትከስራለች። ማጠን ይህን ኪሳራ ያስቀራል፤ ጣዕምም ይጨምራል። ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት «አታጥኑ» ልላችሁ አይደለም። የመጣሁት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ ነው። ዓሣ ስትገዙ መቼ እንደ ወጣ ትጠይቃላችሁ። ዋጋውን ትጠይቃላችሁ፣ ትከራከራላችሁም። እንጨቱስ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አለ? እስቲ እጅ አውጡ። አንድ? አንድም የለም።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ጢስ ውስጥ ያለውን። ሁለተኛ፣ እንጨቱን። ሦስተኛ፣ እሳቱን።

ወደ አንደኛው ልግባ። እንጨት በዋናነት ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው፤ ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን። እንጨት ሲሞቅ ሦስቱ በአንድ ጊዜ አይፈርሱም። ሄሚሴሉሎስ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይጀምራል፣ ሴሉሎስ ይከተላል፣ ሊግኒን ከ300 ዲግሪ በላይ ይቆያል። ያንን የምንወደውን መዓዛ የሚሰጠን፣ ዓሣውንም ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያግዘው ከሊግኒን የሚወጣው ፌኖል የሚባለው ወገን ነው። ወርቃማውን ቀለም የሚያመጡት ደግሞ ከሌሎቹ ሁለቱ የሚወጡ ውሑዶች ናቸው፤ ከዓሣው ፕሮቲን ጋር ሲገናኙ ቆዳው ይቀላል። እስከዚህ ድረስ ጢሱ ወዳጃችን ነው።

እሳቱ ሲያይል፣ አየሩም ሲያጥር፣ የፈረሰው ነገር እንደገና ይገጣጠማል። የማር እንጀራ አይታችኋል? እያንዳንዱ ቀዳዳ ስድስት ጎን አለው፤ አንዱ ከአንዱ ጎን ለጎን ተጣብቆ ይሄዳል። ካርቦንም እንዲሁ ቀለበት ሠርቶ፣ ቀለበት ከቀለበት ተጣብቆ፣ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ውሑዶች ይፈጠራሉ። ስሙ ረጅም ነው፤ በአጭሩ ፒኤኤች እንበላቸው። ከእነዚህ መካከል አምስት ቀለበት ያለው ቤንዞፓይሪን የሚባለው በክፋቱ የታወቀ ነው። ማር የሌለው የማር እንጀራ በሉት።

ክፋቱ እንዴት ታወቀ? እ.ኤ.አ. በ1775 ለንደን ውስጥ ፐርሲቫል ፖት የሚባል ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። በዚያ ዘመን የጭስ ማውጫ የሚጠርጉት ትንንሽ ልጆች ነበሩ፤ ጠባቡ ውስጥ የሚገቡት እነሱ ናቸውና። ሐኪሙ እነዚህ ልጆች ሲያድጉ የብልት ከረጢት ካንሰር እንደሚይዛቸው አስተዋለና ጥፋቱን በጥላሸቱ ላይ ጣለ። ከዚያ 140 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ያማጊዋና ኢቺካዋ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የድንጋይ ከሰል ሬንጅ በጥንቸሎች ጆሮ ላይ ለወራት እየቀቡ ካንሰር ማውጣቱን አሳዩ። ቤንዞፓይሪን ከዚያው ሬንጅ ውስጥ ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ዛሬ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ብሎ በመጀመሪያው ምድብ ካስቀመጣቸው ነገሮች አንዱ ነው።

አሁን ልባችሁ እንዳይደነግጥ። አንድ ቀን የታጠነ ዓሣ በልቶ ካንሰር የያዘው ሰው የለም። ነገሩ የመጠንና የዕድሜ ነገር ነው። መጠኑ ስንት ነው? የአውሮፓ ኅብረት በታጠነ ዓሣ ውስጥ ለቤንዞፓይሪን የፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 5 ማይክሮግራም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2014 ጀምሮ ወደ 2 አወረደው። ቤንዞፓይሪንን ጨምሮ የአራት ፒኤኤች ድምርንም ከ30 ወደ 12 አወረደ። 2 ማይክሮግራም በኪሎ ስንት ነው? ለተማሪዎቼ በቁጥር ስነግራቸው ያዛጋሉ፤ ስለዚህ በጤፍ አስላሁት። ሦስት ኩንታል ጤፍ አስቡ። አንድ ቢሊዮን ፍሬ ያህል አለበት። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሁለት ፍሬ። ይኸው ነው ጣሪያው። ሁለት ፍሬ ጤፍ ከሦስት ኩንታል ውስጥ! ይህን ዓይን አያይም፣ ምላስ አይለይም፣ የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ላቦራቶሪ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? የሚፈጠርበትን በር ይዝጋ። የመጀመሪያው በር እንጨት ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው ነጥብ መጣ፤ የምወደውም ይኸኛውን ነው።

ልጅ ሆኜ ያደግሁት ከአያቴ ጋር ነው። አያቴ የወተት ቅሏን የምታጥነው በወይራ ነበር። ከወይራም የቆመውን ሳይሆን ደርቆ የተሰነጠቀውን፣ ጣት የሚያህለውን ትመርጣለች። አንድ ቀን «ሂድ ወይራ አምጣ» ብላ ላከችኝ። ወይራው ያለው ከገደሉ ማዶ ነው፤ ጥዱ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ አፍንጫዬ ሥር። የልጅ ነገር፣ ከጥዱ ሰብሬ፣ ልጬ፣ ወይራ አስመስዬ አመጣሁላት። ዓይኗ ደክሞ ነበርና አላወቀችም። አጠነችበት። በማግስቱ ጠዋት ወተቱን አፏ ላይ አደረገችና ቆመች። ምንም አላለችም። ወጥታ ደጅ ደፋችው። ውሻው ሊልሰው ሲሮጥ በእግሯ ከለከለችው። ከዚያ ዞር ብላ «ጥድ ለጣራ ነው፤ አንተን ወይራ ነው ያልሁህ» አለችኝ። ያ ቅል በአመድ ታጥቦ፣ በግራዋ ታሽቶ፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ለሦስት ቀንም ወተት አልጠጣንም።

እናቶች፣ ያመሰገንኋችሁ ለዚህ ነው። የወሎ ሴት እንጨት ትመርጣለች! ለወተት ወይራ፣ ለገላዋ ወይባ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የወይባ ጢስ የምትሞቅ ሴት ወይባ ስታጣ በፌስታል የተለኮሰ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ላይ ትቀመጣለች? ትስቃላችሁ። ለገላችን የማንፈቅደውን ለሆዳችን ለምን ፈቀድን? ለወተቱ የጠየቅነውን ለዓሣው ለምን ሳንጠይቅ ቀረን? ዓሣ ማጠን ለእኛ አዲስ ሙያ ስለ ሆነ ይመስለኛል፤ ሙያው ሲመጣ ከበርሜሉ ጋር መጣ፣ ከአያቶቻችን ጓዳ ሳያልፍ።

የአያቴን ነገር ኬሚስትሪው እንዲህ ይፈታዋል። ጥድ፣ የፈረንጅ ጥድ፣ ዝግባ፣ እነዚህ መርፌና ጠባብ ቅጠል ያላቸው ዛፎች በአንድ ወገን ናቸው። ብዙዎቹ ሙጫ አላቸው። ሙጫው ሲነድ ጥላሸቱ ይበዛል፤ ጥላሸት ባለበት ደግሞ ፒኤኤች አብሮ ይሰፍራል። ከየጎፍ ጫካ በታች ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጥድ የነደደበት ጣራ ከሌላው ቀድሞ ይጠቁራል። ወይራ፣ ግራር፣ ዋንዛ፣ ማንጎ፣ ዘይቱን፣ እነዚህ በሌላው ወገን ናቸው፤ ሰፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች የሚባሉት። ሊግኒናቸውም የተለየ ነው፤ ከጥድ ወገን የማይገኘውን ሲሪንጎል የሚባል ፌኖል ይሰጣሉ፣ መዓዛቸው የለሰለሰው ከዚህም የተነሣ ነው። የኮዴክስ ኮሚሽን የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ እ.ኤ.አ. በ2009 ፒኤኤችን ለመቀነስ ባወጣው የአሠራር መመሪያ የእንጨቱን ዓይነት አስቀድሞ ካነሣቸው ነገሮች መካከል አድርጎታል።

ነገር ግን ደንቡ ግንብ አይደለም። ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ቋሊማ በተለያየ እንጨት አጥኖ ለካ፤ ዓሣ አይደለም፣ ቋሊማ ነው። እዚያ አገር ሁሉም የሚያጥንበት ቢች የሚባለው ሰፊ ቅጠል ያለው እንጨት ነው። ፖፕላርና ሂከሪ የሚባሉት እንጨቶች ግን ከቢች ጋር ሲነጻጸሩ ፒኤኤቹን ከ35 እስከ 55 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። ሦስቱም በአንድ ወገን ያሉ ዛፎች ናቸው! ስለዚህ «ሰፊ ቅጠል ነው» ብላችሁ አትተኙ። ወይራም ወይራ በመሆኑ ብቻ የምስክር ወረቀት አይሰጠውም፤ ጠጣር ነው፣ ነበልባል ሲይዝ ሙቀቱ ኃይለኛ ነው፣ ያን ጊዜ እሱም ያጠፋል። ደግሞ ወይራ እየጠፋ ነው። ለዓሣ ብለን የቆመ ወይራ እንቁረጥ ያልሁ እንዳይመስላችሁ። የተገረዘ የማንጎና የዘይቱን ቅርንጫፍ፣ የደረቀ የግራር ጭራሮ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ አለላችሁ።

ባሕር ዛፍስ? ይህን ጥያቄ ከበር ጀምሮ ሦስት ሰው ጠይቆኛል። ትክክል ነው፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ የማገዶ ነገር ሁሉ በእሱ ላይ ወድቋል፤ ደሴም ኮምቦልቻም ያለ እሱ አያድሩም። ባሕር ዛፍ ከጥድ ወገን አይደለም፣ ሰፊ ቅጠል ከሚባሉት ነው። ችግሩ ዘይቱ ነው፣ ዘይቱም ያለው በተለይ ቅጠሉ ላይ ነው። ቅጠል ለእሳት ማቀጣጠያ የምትጨምሩ ከሆነ ዓሣችሁ የጉንፋን መድኃኒት ይሸታል። ሌላ ካጣችሁ ቅጠሉንም ቅርፊቱንም አራግፋችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ግንዱን ብቻ ተጠቀሙ። እኔ ምርጫዬ አላደርገውም።

የጫት ገረባ ያነሣው ወጣትም ነበር። ነፃ ነው፣ በየመንገዱ ተከምሯል፣ ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይይዛል፤ ሐሳቡን አደንቃለሁ። ግን ገረባው ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ፣ ምን ፀረ ተባይ እንደ ተረጨበት ማን ያውቃል? ይቅርብን።

አሁን ስለ ነፃ እንጨት ካነሣን የራሴን ጉድ ልናገር። ከስምንት ዓመት በፊት ግቢዬ ውስጥ ከአሮጌ በርሜል ማጠኛ ሠራሁ። የምግብ ሳይንስ መምህር ነኝ፤ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሰጋቱራ ፈልጌ አንድ አናጢ ቤት ሄድሁ፤ ሰውየው ደግ ነው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ በነፃ ሰጠኝ። አጠንሁ። ቀለሙ አማረ፣ ወርቅ መሰለ። ጎረቤታችንን እትዬን ጠርቼ አቀረብሁ። አንድ ጉርሻ በሉ፣ ዝም ብለው አላመጡ፣ ከዚያ በጨዋ ቃል «ዓሣው መልካም ነው ልጄ፤ ብቻ አዲስ ቁም ሣጥን ቁም ሣጥን ይላል» አሉኝ።

ቁም ሣጥን! ተነሥቼ ከረጢቱን ዘረገፍሁት። ላዩ የዋንዛ ሰጋቱራ ነው። ሥሩ ግን ዱቄት የመሰለ፣ ግራጫ፣ የችፑድና የኮምፔንሳቶ ብናኝ፤ ከመካከሉም ቫርኒሽ ከተቀባ በር ላይ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ቅንጣት ያብለጨልጫል። ችፑድ እንጨት ብቻ አይደለም፤ እንጨትና ሙጫ ነው፣ ሙጫውም ከፎርማልዴሃይድ የሚሠራ ነው። ጥፋቱ የአናጢው ነው? አይደለም። እሱ ሰጋቱራ ሰጠኝ፤ ለምን እንደምፈልገው አልነገርሁትም። ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የተሰበረ የጭነት ፓሌት፣ የማሸጊያ ሣንቃ፣ የግንባታ ቁራጭ፣ ቀለም የተቀባ በር፣ ሁሉም በርካሽ ይገኛል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የወደቀ የመብራት ምሰሶ ነው። ምስጥ እንዳይበላው አንዳንዱ በክሪዮሶት ይነከራል። ክሪዮሶት ምንድን ነው? ያ በጥንቸል ጆሮ ላይ የተቀባው የድንጋይ ከሰል ሬንጅ ልጅ ነው፤ ፒኤኤች ገና ሳይነድ ውስጡ ሞልቷል። አንዳንዱም መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ የሚባል መርዝ ይገባበታል። አረንጓዴ የሚል ምሰሶ አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው። አርሴኒክ በእሳት አይጠፋም፤ ከጢሱና ከአመዱ ጋር ይሄዳል። እባካችሁ! በጎማ፣ በፌስታል፣ በነጭ ጋዝ፣ በተቃጠለ የሞተር ዘይት እሳት የምትለኩሱም ካላችሁ እባካችሁ! ለአንድ ክብሪት ስንፍና ብላችሁ የምርጥ እንጨታችሁን ዋጋ አታጥፉ።

ሁለተኛው ነጥብ እንደ ፈራሁት ረዘመብኝ። ሦስተኛውን በሩጫ።

ወደ አያቴ እመለሳለሁ። ወይራውን እሳት ላይ ታስይዘዋለች፤ ሲነድ ግን ቅሉ ውስጥ አትከተውም። ነበልባሉን እፍ ብላ ታጠፋና፣ ጫፉ ቀይ ፍም ሆኖ ነጭ ጢስ ሲለቅ፣ ያን ጊዜ ትከተዋለች። ለምን ብዬ ጠይቄያት «ነበልባል ያራል፣ ጢስ ያጥናል» አለችኝ። ከ400 እስከ 1,000 ዲግሪ ባለው መካከል ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የቤንዞፓይሪን መጠን አብሮ እንደሚጨምር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለክተው አሳይተዋል። አያቴ ቴርሞሜትር አልነበራትም፤ እፍ ማለት ግን ትችል ነበር። እናንተም ነበልባሉን ግደሉት። አየሩን በመጠኑ ያዙ፤ ጭራሽ ካፈናችሁት ደግሞ ጥቁር ጢስ ይሆናል። እርጥብ እንጨት አትጨምሩ።

የዓሣው ስብም አለ። አምባዛ ስባም ነው፤ ስቡ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ «ጭስስ» ይላል፣ ያ ድምፅ ፒኤኤች ሲወለድ የሚሰማ ድምፅ ነው። ከታች የስብ መቀበያ ቆርቆሮ አኑሩ፤ ዓሣውንም ከእሳቱ አርቁ። አክራ አጠገብ ባለች ቾርኮር በምትባል የዓሣ መንደር ስም የሚጠራ ምድጃ ለምዕራብ አፍሪካ ሴቶች ማገዶ አድኖላቸዋል፤ የስቡን ነገር ግን አልፈታም ነበር። ኋላ ሴኔጋል ውስጥ ቲያሮይ በሚባል ቦታ ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ጋር የተሻሻለው ምድጃ ስብ መቀበያ ትሪና ለብቻው የሆነ የጢስ ማመንጫ ተጨመረለት። መጀመሪያ ዓሣው በፍም ሙቀት ይበስላል፣ ከዚያ ጢሱ ተጣርቶ ይመጣለታል። እዚህ ኮምቦልቻ ይህን መበየድ የሚያቅተው ብረት ሠራተኛ የለም።

አንድ ነገር ረስቼ። ዓሣውን የሚበላው በሳምንት አንድ ቀን ይበላል። የምታጥነው ሴት ግን በየቀኑ ጢሱ ላይ ጎንበስ ብላ ትውላለች። መጀመሪያ የሚያገኛት እሷን ነው። በርሜሉን ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ፣ ከልጆችም ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት።

በሉ እንግዲህ፣ ጨርቁን ልግለጥ። እማማ፣ ከፊት ያሉት፣ እስቲ አንቱ ይምጡልኝ። ይኸው ነጭ ሶፍት። የግራውን ዓሣ ጀርባውን አንድ ጊዜ ይጥረጉልኝ። እሺ። ለሰዎቹ ያሳዩአቸው። ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል፣ ቢጫ ቡና ዓይነት። አሁን በሌላ ሶፍት የቀኙን። አያችሁ? ጥቁር ነው! የድስት ቂጥ የነካ ይመስላል። ጣትዎንም ያሳዩ፤ ሙጭጭ ይላል፣ አይደል? የግራው በደረቀ ግራር ፍም የታጠነ ነው። የቀኙ በጥድ፣ ሆን ብዬ በነበልባል። ሶፍት ቤንዞፓይሪን አይለካም፤ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ነገ «መምህሩ በሶፍት ይታወቃል አለ» እንዳትሉኝ። ሶፍቱ የሚነግራችሁ ስለ ጥላሸቱ ነው። ጥላሸት ያለበትን ዓሣ ግን እኔ ገንዘብ አውጥቼ አልገዛም።

የጥያቄ ሰዓት ደርሷል፤ ከኋላ የተነሣውን እጅ አይቼዋለሁ። እስከዚያ የግራውን ዓሣ ተካፈሉት። ጥላሸቱም ሌላውም በብዛት የሚይዘው ላዩን ነውና ቆዳውን ገፍፋችሁ ጣሉ፣ ሥጋውን ብሉ። የቀኙን ማንም አይንካብኝ፤ ጠቅልዬ ይዤው እሄዳለሁ። ደጅ ያለው ውሻ ከጠዋት ጀምሮ በሩን ሲያሸት ነበር፤ ለእሱም አይሰጥም።